አምፑ ለምን ዝም ይላል?

ጥር ሲመጣ ሰው ይዳራል፤ አምፕሊፋየር ይቃጠላል። የዚህ ዓምድ ደብዳቤ የሚበዛውም ያኔ ነው። በዚህ ወር ከደረሱኝ ውስጥ አምስቱን መርጫለሁ። አምስቱም ዞረው ዞረው አንድ ቤት ይገባሉ። አምፕ ሙቀቱን የት ያደርሰዋል? ሳይችለው ሲቀርስ ስፒከሩን ማን ያድነዋል? ሁለቱን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ። በአንደኛው ውስጥ የራሴም ኃጢአት አለበት።

*

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? አዳማ የምሠራ ዲጄ ነኝ። አምፔ ላይ በ4 ኦም ለአንድ ቻናል 600 ዋት የሚል ተጽፏል። ቤት ስሞክረው እንከን የለውም። ሰርግ ላይ ግን ጭፈራው ሞቅ ሲል ድንገት ጭጭ ይላል። ቀይ መብራት ይበራል። አስር ደቂቃ ቆይቶ ራሱ ይመለሳል። ያለፈው ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። የሙሽራው ወንድም ሊደበድበኝ ምንም አልቀረው። በአንድ ቻናል አራት ባለ 8 ኦም ሞንታርቦ ነው የምሰካው። አምፑን እንዳይሰረቅና አቧራ እንዳይገባበት በእንጨት ሳጥን ቆልፌበታለሁ። ጓደኛዬ 'ውስጡ ያለችውን የሙቀት ሴንሰር በሽቦ አገናኛትና ተገላገል' ይለኛል። ላገናኛት?»

አታገናኛት ልጄ። ለምን እንደምልህ ላጫውትህ።

ነገሩ የሆነው በ1989 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ድምፅ ማጉያ ለሚያከራይ ሰው ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሰፊ ድንኳን፣ አራት ትልልቅ ስፒከር፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው አንድ አምፕ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ድንኳኑን ስታግለው አምፑ መጥፋት ጀመረ። ልክ እንዳንተው። እኔ ደግሞ ያኔ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ክዳኑን ፈታሁት። ሂትሲንኩ ላይ፣ ያ ሙቀቱን የሚያስወጣው ጥርስ ጥርስ ያለው አሉሚኒየም ላይ፣ በሁለት ብሎን የታሰረች የኮት ቁልፍ የምታህል ነገር አለች። ሁለት ሽቦ ይገባታል። ሁለቱን ሽቦ ጠምዝዤ አገናኘኋቸው። አምፑ ተነሳ። ጭፈራው ቀጠለ። ሰው ሁሉ ጎበዝ አለኝ። የሙሽራዋ አባት አንድ ብርሌ ጠጅ በእጃቸው አቀበሉኝ።

አርባ ደቂቃ አልቆየም። መጀመሪያ ከባድ ነገር የወደቀ ይመስል አንድ ጊዜ «ዱብ» አለ። ሙዚቃው ጠፋ። ከሁለቱ ስፒከሮች ውስጥ «ሁምም» የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። ቀጥሎ ጭስ። የስፒከር ኮይል፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ሰርጉ በከበሮና በእልልታ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ይበልጥ ደመቀ። እኔ ግን የሁለት ስፒከርና የአምፑን ዕዳ ከደሞዜ ላይ እየተቆረጠ ስምንት ወር ከፈልኩ።

ያቺ ቁልፍ የምታህል ነገር ውስጧ ስስ ሰሃን አላት። ሰሃኗ ከሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቃ የተሠራች ናት። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። ስለዚህ ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ሰሃኗ ጠቅ ብላ ትገለበጥና መስመሩን ትቆርጣለች። ልኳ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መሃል ነው። ስትበርድ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ያንተ አምፕ አስር ደቂቃ ቆይቶ ራሱ የሚነሳው ለዚህ ነው። ሴንሰሯ አልተበላሸችም። ሥራዋን እየሠራች ነው።

ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ? ፓወር ትራንዚስተርን፣ ጉልበቱን ለስፒከሩ የሚያሳልፈውን ዕቃ፣ እንደ ቧንቧ እየው። ከአንድ ወገን 70 ቮልት ተከማችቶ ይጠብቃል። ከሌላው ወገን ስፒከሩ አለ። ሙዚቃው በዚያች ቅጽበት 30 ቮልት ብቻ ከፈለገ ቀሪው 40 ቮልት የትም አይሄድም፤ ትራንዚስተሩ ላይ ይቀራል። እሱ በሚያልፈው ከረንት ሲባዛ ሙቀት ነው። ስለዚህ እንዳንተ ያለው አምፕ በጣም የሚሞቀው እስከ መጨረሻው ሲከፈት አይደለም። ከሙሉ ጉልበቱ 40 በመቶ ገደማ ሲሠራ ነው። «መሃል ላይ ነው ያደረግኩት፣ ምን ሆኖ ሞቀ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። መሃል ላይ ስላደረጋችሁት ነው የሞቀው።

አሁን ቁጥር እናስላ። ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት ልክ ነው፤ ባነሰ ቁጥር አምፑ የሚያሳልፈው ከረንት ይበዛል። በ4 ኦም 600 ዋት የሚሰጥ አምፕ ውስጡ ፕላስና ማይነስ 70 ቮልት ገደማ አለው። በጣም በሚሞቅበት ሁኔታ አንዱ ቻናል ብቻውን በ8 ኦም 124 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። በ4 ኦም 248 ዋት። በ2 ኦም 496 ዋት። አራት ባለ 8 ኦም ሞንታርቦ ጎን ለጎን ስትሰካ ስንት ይሆናል? ስምንት ለአራት ሲካፈል ሁለት። አንተ ያለኸው 2 ኦም ላይ ነው። ሁለቱ ቻናል ሲደመር አንድ ሺህ ዋት ሊጠጋ ነው። አንድ ሙሉ ካውያ ሰክተህ በእንጨት ሳጥን ቆልፈህበታል ማለት ነው።

ሂትሲንክ የራሱ ልክ አለው። ለእያንዳንዱ ዋት ስንት ዲግሪ እንደሚጨምር ይለካል። ለአንድ ቻናል ከነፋኑ በዋት 0.2 ዲግሪ ይጨምራል እንበል፤ ጥሩ የሚባል ነው። 248 ዋት ሲሆን ሙቀቱ ከአየሩ በ50 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። የሳጥኑ አየር 35 ከሆነ 85 ደረሰ። አፋፍ ላይ ነው፣ ግን ይችለዋል። 496 ዋት ሲሆን 35 ሲደመር 99፣ 134 ዲግሪ። ይህ ገና የአሉሚኒየሙ ሙቀት ነው። የትራንዚስተሩ ሲሊኮን ከዚያ በላይ ይግላል። በፕላስቲክ የታሸገ ትራንዚስተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው እስከ 150 ዲግሪ ነው። እርግጥ ሙዚቃ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። የሰርግ ጭፈራ ግን ፋታ አይሰጥም።

ስለዚህ መጀመሪያ ስፒከሩን ቀንስ። በአንድ ቻናል ሁለት ብቻ። አራቱም የግድ ካስፈለጉ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አስረህ፣ ሁለቱን ጥንድ ጎን ለጎን አገናኛቸው። እንዲህ ሲሆን ተመልሶ 8 ኦም ይሆናል። ለዚህ ግን ለብቻው የተሠራ ገመድ ያስፈልጋል። ሞንታርቦው ጀርባ ላይ ያለው ማስቀጠያ ቀዳዳ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነው የሚያስረው። ገመዱን ማሠራት ካልሆነልህ ሁለተኛ አምፕ ተከራይ።

ሳጥኑን አትጣለው። በሥራ ሰዓት ግን የፊቱም የኋላውም ክዳን ይነሳ። ፋኑ ወደየት እንደሚነፍስ ለማወቅ ቁራጭ ሶፍት ወደ ወንፊቱ አስጠጋ። ከተሳበ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከተገፋ የሚወጣው በዚያ ነው። የሚወጣበትን ከድንኳን ሸራ ጋር አታጣብቀው። አለበለዚያ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል። ወንፊቱ ጀርባ ስፖንጅ ካለ አውጥተህ እጠበውና በደንብ ይድረቅ። የአዳማን አቧራ አውቀዋለሁ። አንድ አምፕ ከፍቼ ጥርሶቹ መሃል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ በእጄ ልጬ አውጥቻለሁ።

አምፑ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ትራንዚስተሩና ሂትሲንኩ መሃል ያለው ነጭ ቅባት ደርቆ ኖራ ሊሆን ይችላል። ተጠርጎ አዲስ ይቀባ። ስስ አድርጎ። ቅባቱ ሁለቱ ገጾች የማይነካኩበትን ጥቃቅን ክፍተት ለመሙላት ነው። እንደ ቅቤ ሲለቀለቅ ሙቀቱን ያግደዋል። ከሥሩ ያለችውን ስስ ሚካ እንዳትጥላት። ኤሌክትሪኩን ለይታ ሙቀቱን የምታሳልፈው እሷ ናት።

በነገራችን ላይ አንድ የአዲስ አበባ ሰው «እኛ ብርድ አገር ነን፣ ምን ያሞቀዋል» ብሎኝ ያውቃል። ግማሹ እውነት ነው። አየራችን ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ስስ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ውሃ እዚህ ወደ 92፣ 93 ዲግሪ ላይ የሚፈላውም፣ ሽምብራችን ጋዝ የሚፈጀውም በዚሁ የተነሳ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ይሽከረከራል፤ የሚገፋው አየር ግን ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የዕቃ ማኑዋል ላይ «እስከ 2,000 ሜትር» የሚል ካያችሁ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት።

*

«ጋሼ፣ ሐዋሳ ካፌ አለኝ። አምፑን ስናበራው አራት ሴኮንድ ቆይቶ 'ቀጭ' ይል ነበር። ከዚያ ነው ድምፅ የሚሰጠው። ከሁለት ወር በፊት አንዱ ወገን እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። ለቴክኒሻን ሰጠሁት። ያቺን ቀጭ የምትለዋን ነገር አውጥቶ በሽቦ ቀጥታ አገናኘው። 'ያስቸገረችሽ እሷ ናት፣ አታስፈልግም' አለኝ። እውነትም ሠራ። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ 'ዱብ' አለና ባለ 15 ኢንቹ ባስ ወደ ውጭ ተገፍትሮ ቀረ። ወዲያው ጨሰ። የሚገርመው የአምፑ ፊውዝ እስካሁን ደህና ነው! ፊውዙ ለምን አላዳነኝም? ልጁንስ ልክሰሰው?»

እህቴ፣ ክሱ የእኔ ሙያ አይደለም። ልጁም ያደረገው እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ ያደረግኩትን ነው። ብቻ ሁለተኛ አትላኪለት።

ያቺ ቀጭ የምትለው ሪሌ ናት። በአምፑና በስፒከሩ መሃል የቆመች በር ጠባቂ በያት። ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው ማብሪያው ሲነካ መታገስ ነው። አምፕ ሲነሳ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት፣ እስኪሞሉ ድረስ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። በዚያች ሰዓት ስፒከሩ ከተገናኘ «ዱብ» የሚለው ይመጣል። ስለዚህ በር ጠባቂዋ ጥቂት ሴኮንድ ትቆያለች፣ ነገሩ ሲረጋጋ ቀጭ ብላ ትከፍታለች። መብራት ሲሄድም ቀድማ ትዘጋለች። እንደኛ አገር መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቦታ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው ሥራዋ የበለጠ ነው። ስፒከር የሚኖረው ወዲያና ወዲህ በሚመላለስ ኤሌክትሪክ፣ ኤሲ በምንለው፣ ነው። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚገፋ ኤሌክትሪክ፣ ዲሲ የምንለው፣ ይገድለዋል። አንዱ ፓወር ትራንዚስተር ሾርት ሲያደርግ አምፑ ውስጥ የተከማቸው 70 ቮልት እንዳለ ስፒከሩ ላይ ይወርዳል። የአንቺ ባስ ወደ ውጭ ተገፍትሮ የቀረው ለዚህ ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር ኮይሉ በቴስተር ሲለካ 6 ኦም ገደማ ነው። ሰባ በሰባ 4,900። ለስድስት ሲካፈል ከ800 ዋት በላይ። ያለ ማቋረጥ።

በደህናው ጊዜ ኮይሉ ማግኔቱ መሃል እየተመላለሰ ራሱን በራሱ ያራግባል። በዙሪያው ያለው ብረትም ሙቀቱን ይቀበለዋል። ዲሲ ሲገባ ግን ከማግኔቱ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አያራግብም፤ የሚቀበለውም ብረት አጠገቡ የለም። ጥቂት ሴኮንድ ይበቃዋል።

ፊውዙስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 800 ዋት ከግድግዳው 220 ቮልት ላይ ሲሳብ 4 አምፒር አይሞላም። የአንድ ትልቅ አምፕ ዋና ፊውዝ ደግሞ 8 ወይም 10 አምፒር ሊሆን ይችላል። ለእሱ ይህ የአዘቦት ቀን ነው። በሙዚቃ ጊዜም እንዲህ ሲሳብ ያያል። ፊውዙ የቆመው ቤትሽ እንዳይቃጠል ነው። ስፒከርሽን አያውቀውም።

ዲሲን የሚያውቀው ሪሌዋን የሚያዛት ትንሽ ሰርኪት ነው። ብዙ አሮጌ አምፖች ውስጥ ዩፒሲ1237 የምትባል በአንድ ረድፍ 8 እግር ያላት አይሲ ትገኛለች። የጃፓኑ ኤንኢሲ የሠራት ናት። ሲበራ ታዘገያለች፣ ዲሲ ታሸታለች፣ መብራት መሄዱን ታውቃለች። ይህን ሁሉ አንዲት የጥፍር ስፋት ያላት ነገር! እኔ በበኩሌ እሷን ያገኘሁበትን አምፕ ክዳኑን ስዘጋ ደስ ይለኛል።

የአንቺ የመጀመሪያ ችግር፣ ያ መቆራረጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሪሌዋ ውስጥ ያሉት መገናኛዎች ጠቁረው ነው። መድኃኒቱ አዲስ ሪሌ መግጠም ነው። ዋጋው ከአንድ ክትፎ አይበልጥም። በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ የሚወዱ አሉ፤ ላዩ ላይ የተለበጠውን ብረት ይልጡትና በወሩ ይመለሳሉ።

አዲሱን ሲገዙልሽ ግን ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ብዙዎቹ ላይ «10 አምፒር 250 ቮልት ኤሲ» ይላል። ከሥሩ በትንሹ «30 ቮልት ዲሲ» የሚል አለ። የሁለቱ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። ኤሲ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ መገናኛው ሲላቀቅ የሚፈጠረው ብልጭታ ራሱ ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ አይነካም። በ70 ቮልት መገናኛው ቢላቀቅም ብልጭታው በአየር ላይ ድልድይ ሠርቶ ይቀጥላል። ሪሌዋ «ቆርጫለሁ» ብላ ቆማ ስፒከሩ ይነዳል። ስለዚህ ጥሩ ቴክኒሻን የስፒከሩን ገመድ መሃለኛው እግር ላይ ያስረዋል። ሪሌዋ ስታርፍ የምትነካውን እግር ደግሞ ከመሬት መስመር ጋር። ብልጭታው ቢቀጥል እንኳ ወደ መሬት ይሮጣል፤ ያኔ የውስጡ ፊውዝ ይበጠሳል። የሚጠግንልሽን ሰው ይህን ጠይቂው። ከገባው ሥራውን ያውቃል።

አምፑ ተጠግኖ ሲመጣ አዲስ ስፒከር ከመሰካትሽ በፊት ስፒከር ሳይኖር መውጫው ላይ በቴስተር ዲሲ ይለካልሽ። ሪሌዋ ቀጭ ካለች በኋላ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ይሁን። መቶን ካለፈ ይመለስ። እኔ የተጠገነ አምፕ መጀመሪያ ስሰካ ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ አስሬ ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ካልደበዘዘ ውስጡ አሁንም ሾርት አለ። አምፖሉ ይበራል እንጂ ትራንዚስተሩ አይነድም።

*

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር የምማር ተማሪ ነኝ። አምፔ 50 ዋት፣ ስፒከሬ 150 ዋት። ትንሽ አምፕ ትልቅ ስፒከር አያቃጥልም ብለውኝ ነበር። ትዊተሩ ግን ተቃጠለ። እንዴት?»

ያሉህ ሰዎች ባሱን ብቻ አስበው ነው። 150 ዋት የሚለው ጽሑፍ የጠቅላላው ሳጥን ነው። ትዊተሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ብቻውን የሚችለው ጥቂት ዋት ነው። በሙዚቃ ውስጥ ቀጭኑ ድምፅ ድርሻው አነስተኛ ስለሆነ ይበቃዋል።

አንተ ግን አምፑን ከአቅሙ በላይ ከፈትከው። 50 ዋቱ ሲያልቅ የባሱ ሞገድ አናቱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ በላይ አያድግም። ቮልዩሙን ስትጨምር የሚያድገው የቀረው ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ። በዚያ ላይ የተቆረጠው አናት ራሱ ተጨማሪ ቀጭን ድምፅ ይወልዳል። አናቱ ሙሉ በሙሉ አራት ማዕዘን ሲሆን 50 ዋት የተባለው አምፕ ወደ 100 ዋት ይሰጣል። ይህ ሁሉ ከፀጉር ትንሽ የሚወፍር ሽቦ በያዘች ትዊተር ላይ ነው የሚወርደው። ድምፁ ሻካራ ሲሆንብህ፣ «ጸ» እና «ሰ» ጆሮ ሲቆርጡ፣ ቮልዩሙን ቀንስ። ክሊፕ የሚል መብራት ካለው አልፎ አልፎ ብልጭ ይበል እንጂ አይቁም።

ስፒከርም እኮ እንደ አምፑ የሚሞቅ ነገር ነው። ተራ የቤት ስፒከር ከሚገባው ኤሌክትሪክ ድምፅ የሚያደርገው አንድ፣ ሁለት በመቶ ቢሆን ነው። ሌላው ሙቀት ነው። መዳብ ደግሞ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይሰንፋል። ኮይሉ በ200 ዲግሪ ሲጨምር ኦሙ ወደ 1.8 እጥፍ ይደርሳል። ሌሊት ላይ «ድምፁ ቀነሰ» ተብሎ ቮልዩም የሚጨመረው በዚህ ነው። የደከመ በሬ ላይ ጅራፍ እንደ መጨመር ነው።

አዲስ ትዊተር ስትገዛ በፊቱ ያለው ካፓሲተር መኖሩን አረጋግጥ። ባስ እንዳይገባባት የሚከለክላት እሱ ነው። አንዳንድ ትልልቅ ሞንታርቦ ውስጥ ከትዊተሩ ጋር በተከታታይ የታሰረች ትንሽ አምፖል አለች። ጉልበት ሲበዛ ትበራለች፣ ኦሟም ይጨምራል፣ ትርፉን ትበላዋለች። አንድ ደንበኛዬ «ስፒከሬ ውስጥ እሳት አለ» ብሎ በሌሊት ደውሎልኛል። አምፖሏ ናት። ተኛ አልኩት።

*

«ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለአባቴ ሰፈር ዕድር የሚሆን አምፕ ይዤ ልመጣ ነው። አንዱ አሮጌና ከባድ፣ 120 ቮልት ብቻ ይላል። ሌላው አዲስና ቀላል ነው። የትኛው ይሻላል? ከባዱ አይሻልም? ቀላሉ አይግልም?»

ክብደት ጥራት ነበር፤ ድሮ። ከባዱ ውስጥ ያለው ትልቅ ትራንስፎርመርና ሂትሲንክ ነው። ቀላሉ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ትራንዚስተሮቹ እንደ ቧንቧ ገርበብ ብለው አይቆሙም። በሴኮንድ መቶ ሺዎች ጊዜ ሙሉ ይከፈታሉ፣ ሙሉ ይዘጋሉ። ገርበብ ማለት ከሌለ ሙቀት የሚቀርበት ቦታ ይጠባል። ከገባው ኤሌክትሪክ 90 በመቶ ገደማው ወደ ስፒከሩ ይደርሳል። ለዚህ ነው ትንሽ ሂትሲንክ የሚበቃው።

ከባዱን ካመጡት ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር የግድ ነው። እሱ ቢኖርም አንድ የማይታይ ነገር አለ። የእናንተ መብራት በሴኮንድ 60 ዙር ነው፤ የእኛ 50። ለ60 ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ የበለጠ ማግኔት ይሸከማል። ያጉረመርማል፣ ይሞቃል። ጀርባው ላይ «50/60» የሚል ካለ አይስጉ። የቀላሉን ጀርባም ያንብቡ። «100–240» ካለ ሶኬቱን ብቻ ይቀይሩ። «120» ብቻ ካለ ቀላል መሆኑ አያድነውም። እዚህ እንደሰኩት ጥይት ይተኩሳል።

ሲገዙ ሙሉ ዕቃው ከነካርቶኑ ይሁን። ደግሞ ስታብላይዘር ይጨምሩላቸው። የዕድር ድንኳን ከማን ቤት መብራት እንደሚቀጥል አይታወቅም።

*

«ጋሼ፣ ይሄ ጥያቄ ያስቃል። እናቴ አምፑ ላይ ዳንቴል ታለብሳለች። በላዩ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ። 'አቧራ እንዳይገባበት ነው' ትላለች። ያጠፋዋል ስላት አትሰማኝም። እርስዎ ቢነግሯት ትሰማለች። መጽሔቱን አነብላታለሁ።»

እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዳንቴሉ ያምራል፤ እጅዎ ይባረክ። ግን የአምፑ ክዳን ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ጌጥ አይደሉም። ፋን የሌለው አምፕ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሥር ይገባል፣ ሞቆ ይቀላል፣ በላይ ይወጣል። የምድጃ ጭስ በጣሪያ እንደሚወጣው ነው። የጭስ መውጫው ሲደፈን ቤቱ ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በላዩ አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍተት ይኑረው። ዲሽ ሪሲቨሩንም ከላዩ ያንሱት።

ለአቧራው ግን ማታ አምፑን አጥፍተው፣ ሲበርድ፣ ያኔ ያልብሱት። ጠዋት ከማብራትዎ በፊት ይግለጡት። ይህ ካሰለችዎ ዳንቴሉን ፍሪጁ አናት ላይ ያድርጉት። አብዛኛው ፍሪጅ ሙቀቱን የሚያስወጣው ከኋላው ወይም ከጎኑ ነው። ብቻ ልጅዎን ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ እንዲያደርግልዎ ይዘዙት።